ስም ሲያሳስት፦ የ«ቡናማ ስብ» ስያሜ ታሪክ

የዙሪኩ ሊቅ ኮንራድ ጌስነር እ.ኤ.አ. በ1551 ባሳተመው የእንስሳት መጽሐፍ፣ የብርዱን ወራት በጉድጓድ ተኝቶ በሚያሳልፈው በማርሞት ትከሻዎች መካከል ስላለው አካል ሲገልጽ፣ ስብም ሥጋም አይደለም ብሎ ነበር። ከእርሱ በኋላ የተነሡት ሊቃውንት ግን በዚህ ጥንቃቄ አልጸኑም፤ ብዙዎቹ «የብርድ ወራት እንቅልፍ ዕጢ» አሉት። ስያሜው በሁለት ወገን አሳሳች ነበር። አንደኛ፣ አካሉ በደም የሚሠራጭ ቅመም የሚያመነጭ ዕጢ ነው አሰኘ። ሁለተኛ፣ ብርዱን በእንቅልፍ በሚያሳልፉ እንስሳት ብቻ የሚገኝ አስመሰለ። በእርግጥ ግን በአይጥም፣ በጥንቸልም፣ በአራስ ሕፃንም ይገኛል።

ዋና ሥራው ሙቀት ማመንጨት መሆኑ ጎልቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። ብርድ ሲሰማ ከአንጎል የሚነሣው መልእክት በነርቭ ወደዚህ ስብ ይደርሳል፤ በነርቩ ጫፍ የሚፈልቀው ኖርአድሬናሊን ስቡ እንዲቃጠል ያደርጋል፤ በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ያለ ልዩ ፕሮቲንም ኃይሉን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ይሁን እንጂ ነርቭ ብቻውን አይበቃም። ከአንጎል በታች ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ በሆርሞኗ ታይሮይድን ታነቃቃለች፤ የታይሮይድም ሆርሞን ቡናማውን ስብ ለሥራ ያበቃዋል። ይህ ሆርሞን የጎደላቸው አይጦች ብርድን መቋቋም ይሳናቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተሙ ጥናቶችም ቡናማ ስብ በብዙ ጐልማሶች ዘንድ በሥራ ላይ እንዳለ አረጋገጡ።

የ«ፒቱታሪ»ም ስም ከስሕተት የተወለደ ነው። በላቲን አክታ ማለት ከሆነው ቃል የወጣ ሲሆን፣ የጥንት ሐኪሞች የአንጎል ቆሻሻ በዚህች ዕጢ በኩል ወደ አፍንጫ ይወርዳል ብለው ስላመኑ የተሰጠ ነው። እምነቱ በ17ኛው መቶ ዓመት ፈረሰ፤ ስሙ ግን ጸና።

ከዚህ ለቃል ሰያሚ የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ፒቱታሪን ቃል በቃል ተርጉመን «የአክታ ዕጢ» ብንል የሌላውን ስሕተት በቋንቋችን እንደ ገና እንወልዳለን። ስለዚህ ወይ ድምፁን መውሰድ፣ ወይም ከቦታዋ ተነሥቶ «የአንጎል ሥር ዕጢ» ማለት ይሻላል። ስቡንም በተመለከተ፣ «ሞራ» የሆድ ዕቃን የሚሸፍነውን፣ «ጮማ» ስብ ያለበትን ሥጋ ስለሚያመለክቱ አይስማሙም፤ ጠቅላላው ቃል «ስብ» ነው። ከቡና የወጣው «ቡናማ» ደግሞ ዓይን ያየውን ብቻ ይመሰክራል፤ ቀለሙም ብረት ካዘሉት ከማይቶኮንድሪያዎቹ ብዛት የመጣ ነው። ሥራው ያልተጣራን ነገር በሚታየው መልኩ መሰየም፣ ምርምሩ ነገ ለሚያመጣው በር ክፍት ይተዋል።