ከቤተ መንግሥት እስከ ማድ ቤት

ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ በሬን አንኳኩቶ፣ «ጋሼ፣ ጄኔሬተር ልገዛ ነው። እርስዎ ድሮ ነበረዎት ሲባል ሰምቼ ነው፤ የቱ ይሻላል?» አለኝ። ትዳር ከመሠረተ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ጨቅላ ሕፃን አለ። «ይሄን ግዛ» ብዬ ልሸኘው እችል ነበር። እኔ ግን ቁጭ በል አልኩትና ከአንድ ሰዓት በላይ አወራሁት። እሱ ዋት ጠየቀኝ፣ እኔ ታሪክ ነገርኩት። ሲያስተምር የኖረ ሰው አመሉ መቼም አይለቀውም።

ኤሌክትሪክ ወደ አገራችን የገባው በጄኔሬተር ነው። በ1890 ዓ.ም. ገደማ አንድ ጄኔሬተር መጥቶ የዳግማዊ አፄ ምኒልክን ቤተ መንግሥት አበራ። ልብ በሉ፤ ግድብ የለም፣ ምሰሶ የለም፣ ቆጣሪ የለም። አንድ ሞተር፣ አንድ ግቢ፣ አንድ ባለቤት። የቀረው ከተማ በኩራዝና በጧፍ ያመሻል። ከዚያ በ1904 ዓ.ም. ገደማ አቃቂ ወንዝ ላይ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ተሠራ፤ ቀጥሎም 7 ሜጋ ዋት እንኳ የማይሞላው አባ ሳሙኤል መጣ። በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። መሥሪያ ቤቱ ስሙን ስንት ጊዜ ለዋወጠ፤ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» እንዳለው አለ። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ 43 ሜጋ ዋት ይዞ ደረሰ።

ከግድቡ መስመር ርቀው የነበሩት ትንንሽ ከተሞች ግን በናፍጣ ሞተር ነበር የሚበሩት። በክፍለ ሀገር ያደግን የእኔ ዘመን ልጆች እናስታውሰዋለን። ማታ 12 ሰዓት ላይ ከከተማው ዳር «ዱግ ዱግ» ይላል፤ መንደሩ ይበራል። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ሞተረኛው ሁለት ሦስት ጊዜ ብልጭ ድርግም ያደርገዋል። «ልተኛ ነው፤ ጥናታችሁን ጨርሱ» ማለቱ ነው። ያም ቢሆን ጄኔሬተር ነበር፤ ግን የሁላችን ነበር። ሲበራ ለሁላችን ይበራል፣ ሲጠፋም ሁላችን ላይ ይጠፋል።

ታሪኩ ዞሮ ወደ መጀመሪያው የተመለሰው በ2001 ዓ.ም. ነው። ዝናቡ ሸሸ፣ ግድቦቹ ጎደሉ፣ ያልቃሉ የተባሉት አዳዲስ ማመንጫዎች ዘገዩ፣ የከተማው ፍላጎት ደግሞ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ፈረቃ መጣ። አንድ ቀን ይበራል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። «ዛሬ የእናንተ ነው የእኛ?» የሚለው ሰላምታ ሆነ። ያኔ ገና አስተምር ነበርና የማርመው የፈተና ወረቀት ተከምሮብኛል። በሻማ ሁለት ሳምንት ታገልኩ። በሦስተኛው ገንዘብ ተበድሬ መርካቶ ወረድኩ።

ሻጩ በቤንዚን የሚሠራ፣ ገመድ ተስቦ የሚነሣ አንድ ቀይ ጄኔሬተር አሳየኝ። ላዩ ላይ 2500 ዋት ይላል። «ጋሼ፣ ይሄ ቤቱን እንዳለ ይሸከማል!» አለኝ። አመንኩት። ቤት ወስጄ አስነሣሁት፤ ፍሪጁን ሰካሁ፣ አምፖሎቹን አበራሁ፣ ባለቤቴ ካውያ ስትጨምርበት አቃስቶ ቀጥ አለ።

ነገሩን ያስረዳኝ ፊዚክስ የሚያስተምር ባልንጀራዬ ነው። «ይሄ ሞተር የተለካው ባሕር ዳርቻ ላይ ነው» አለኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር ደግሞ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ 3 ተኩል ያህል ያጣል። ስታሰሉት ከሩብ በላይ እዚያው ተነነ ማለት ነው፤ 2500 የተባለው እኛ ሰፈር ሲደርስ 1800 ገደማ ነው። ስሱ አየር ቤንዚኑን በደንብ ስለማያቃጥለውም ካንዴላው ቶሎ ይጠቁራል። በዚያ ላይ ፍሪጅ ሲሠራ የሚወስደው 150 ዋት ቢሆን፣ ሞተሩ ሲነሣ ለቅጽበት የዚያን ብዙ እጥፍ ይጠይቃል። ካውያ ብቻውን ከ1000 ዋት ያልፋል። የእንጀራ ምጣድማ ከ3000 በላይ ነው፤ እሱን እርሱት።

አንድ ኤሌክትሪሺያን ደግሞ ሁለቱም ጫፉ ወንድ የሆነ ገመድ ሠርቶልኝ፣ «ይሄን ግድግዳ ላይ ይሰኩት፤ ቤቱ ሁሉ ይበራል» አለኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። ባልንጀራዬ ግን አይቶ ደነገጠ። የእኔ 220 ቮልት በቆጣሪው በኩል ወደ ውጭ ይወጣል፣ ትራንስፎርመሩ ጋ ሲደርስ ወደ 15 ሺህ ከፍ ይላል፣ መስመሩ ሞቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን የመብራት ኃይል ሠራተኛ ይገድለዋል። የእኔን ፍሪጅ ለማቀዝቀዝ የሰው አባት! ገመዱን በቢላዋ ቆረጥኩት። ቤቱን እንዳለ ማብራት የፈለገ ሰው፣ አንዱ ሲገባ ሌላው የሚወጣበትን ማዞሪያ ማስገጠም አለበት፤ ሌላ አቋራጭ የለውም።

ከዚያ ጎረቤት መጣ። ድምፁ ሰፈር ያናውጣል፤ የእኔ ቤት ሲበራ ግራ ቀኙ ጨለማ ነው። ማንም አልተናገረኝም፤ ግን ሰላምታው ቀዝቀዝ አለ። ሰፈሩ ሁሉ «እማማ» የሚላቸው አሮጊት ጎረቤታችን ስኳር አለባቸው፤ ኢንሱሊናቸው ፍሪጅ ይፈልጋል። ባለቤቴ አንድ ቀን ሳትነግረኝ ሄዳ ጠርሙሶቹን ይዛ መጣችና እኛ ፍሪጅ አስቀመጠቻቸው። ጄኔሬተሩ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማታ ሁለት ሰዓት ይሠራ ጀመር፤ ለእኔ ወረቀት ሳይሆን ለእማማ። የፈተና ተማሪዎችም ማታ ማታ ሳሎናችን ይመጡ ጀመር። ሰላምታው ተመለሰ።

ይህን ስናገር ራሴን ደግ ሰው እያስመሰልኩ እንዳይሆን፣ የቀረውንም ልናገር። ክረምቱ ገባ። ዝናብ እንዳይመታው ብዬ ጄኔሬተሩን ማድ ቤት አስገባሁት። «በሩን ገርበብ አድርጌዋለሁ፣ ምን ይሆናል?» አልኩ። ቤታችን የምትሠራው ልጅ እዚያው ዕቃ ታጥብ ነበር። ራሴን አመመኝ ብላለች፤ አልሰማናትም። ባለቤቴ ጨው ልታመጣ ስትገባ ልጅቱ መሬት ላይ ወድቃ አገኘቻት። ጎትተን ዝናቡ ላይ አወጣናት። ሐኪም ቤት ኦክስጅን ተሰጥቷት ዳነች። ሐኪሙ «አሥር ደቂቃ ቢዘገይ…» ብሎ አልጨረሰውም።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። የሰው ደም ኦክስጅኑን ትቶ እሱን ይሸከማል፤ ሰውየው እንቅልፍ የወሰደው ይመስለዋል። በር መክፈት አይበቃም፤ መስኮት አይበቃም፤ በረንዳም አያዋጣም። ጄኔሬተር ሜዳ ላይ፣ ከበርና ከመስኮት ርቆ፣ ጭሱ ወደ ቤት ሳይዞር ነው የሚቀመጠው። እኔ መጽሐፍ ሳነብ የኖርኩ ሰው፣ አብሮት የመጣውን ትንሽዬ መመሪያ ግን ገልጬው አላውቅም ነበር። ልጅቱ ከሳምንት በኋላ አገሯ ገባች። አልፈረድኩባትም። ፊቷን ዛሬም አልረሳሁትም።

በ2002 ዓ.ም. ተከዜ፣ ግልገል ጊቤ ሁለትና ጣና በለስ ተከታትለው ተመረቁ፤ ፈረቃው ለቀቀን። ጄኔሬተሩን ሸጥኩት። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ታዲያ ይሄ ልጅ ዛሬ ጄኔሬተር ምን ያደርግለታል? ግድብ ከሞላ ጨለማ የለም ብለን ነበርና። ነገር ግን ኃይሉ ከግድቡ ወጥቶ ከልጁ አልጋ ራስ እስኪደርስ ስንት ያረጀ ሽቦ፣ ስንት የተጨናነቀ ትራንስፎርመር አለ። መንገዱ ካልተጠገነ ምንጩ ብቻውን ጥም አይቆርጥም።

ልጁን የመከርኩት ይህን ነው። መጀመሪያ ወረቀት ያዝ፤ መብራት ሲሄድ የግድ የሚያስፈልግህን ብቻ ጻፍና ዋቱን ደምር፤ የፍሪጁን መነሻ አትርሳ፤ ከዚያ አዲስ አበባ የምትወስድብህን ሩብ አስብ። ፍላጎትህ ሁለት አምፖል፣ ስልክና ቴሌቪዥን ከሆነ ጄኔሬተር አያስፈልግህም፤ ባትሪና ኢንቨርተር ይበቃሃል፤ አይጮህም፣ አያጨስም፣ ሕፃኑንም አይቀሰቅስም። የግድ ጄኔሬተር ካልክ ደግሞ ዋጋውን ከመጠየቅህ በፊት የት እንደምታስቀምጠው አሳየኝ።

ልጁ ትንሽ ዝም አለና፣ «ጋሼ፣ ግቢያችን እኮ ጠባብ ነው፤ የሚቀመጥበት ቦታ ያለው ከእማማ መስኮት ሥር ብቻ ነው» አለኝ።

እማማ ዛሬ የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር። እዚያ ክፍል ውስጥ አሁን የልጅ ልጃቸው ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች።

«እንግዲያው ባትሪ ግዛ» አልኩት።