የከተማ ማገዶና የአገር ደን፤ ከአዲስ አበባ እስከ ቡሹሎ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሚገኘው ቡሹሎ ዛሬ ከሐዋሳ ከተማ ጋራ ይቈጠራል። ከተማው በ1952 ዓ.ም. ከመቈርቈሩ በፊት፥ ቤቱን በእንሰት ከብቦ የሚኖረው የሲዳማ ገበሬ ማገዶውን ከጓሮውና ከቅርቡ ዱር ያገኝ ነበር። ከተማ ሲሰፋ ግን ማገዶ የገበያ ዕቃ ይሆናል፤ እንጨቱን የሚያነደውና ዛፉን የሚያበቅለውም ሰው ይለያያሉ። ስለዚህ ደን ለማገዶ ይበቃልን የሚለው ጥያቄ የዛፍ ቍጥር ብቻ ሳይሆን የሥርዐትም ጥያቄ ነው።

ለዚህ ዋናው ምስክር የአዲስ አበባ ታሪክ ነው። ከተማዪቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ጥድ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ስላለቀ፥ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ዐስበው ሥራውን አስጀምረው ነበር። ከተማዪቱን በስፍራዋ ያጸናት ከውጭ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ጥድና ዝግባ እስኪተኩ የሰው ዕድሜ ያልፋል፤ ባሕር ዛፍ ግን ከጉቶው መልሶ ያቈጠቍጣል፥ በጥቂት ዓመትም ለማገዶ ይደርሳል። ከዚህም ሌላ፥ ተካዩ ቈርጦ የሚሸጠው የራሱን ተክል ስለ ሆነ መልሶ ለማልማት ምክንያት ነበረው።

ነገር ግን ባሕር ዛፍ የከተማን ችግር አቃለለ እንጂ የአገሩን ደን አልመለሰም፤ ከእንጦጦ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶችም ከሸክም አላሳረፈም። የከሰል ንግድ ደግሞ ጥፋቱን ያራዝመዋል፤ ከሰል ለማጓጓዝ ስለሚቀል ከሩቅ ዱር ይመጣል፥ በአፈር ተዳፍኖ ሲከስልም አብዛኛው የእንጨቱ ክብደት ይባክናል። እንጨት ባነሰበት አገር ኵበትና አገዳ ስለሚነዱ፥ ለእርሻ የሚገባው ማዳበሪያ ዐመድ ሆኖ ይቀራል።

በቡሹሎ ዙሪያ ይህን የሚመለከት የቈየ ሥርዐት አለ። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ በተጻፈው በፊቼ ጫምባላላ በዓል፥ የጐሣ መሪዎች ሕዝቡን ሥራን እንዲወድ፥ ሽማግሌን እንዲያከብር፥ አገር በቀልንም ዛፍ እንዳይቈርጥ ይመክራሉ። በስተምሥራቅ በወንዶ ገነት ደግሞ የደን ትምህርት ቤት ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ ባለሙያ ያሠለጥናል።

እንግዲህ የሽማግሌዎቹ ቃል ለአገር በቀሉ ዛፍ ወሰን ያበጃል፤ የአዲስ አበባ ታሪክም የሚነደው እንጨት በተካዩ መሬት ላይ መብቀል እንዳለበት ያስተምራል። ሁለቱ ካልተባበሩ ወሰኑ በብርድና በረኃብ ቀን ይፈርሳል፤ ማገዶ ያጣ ቤት ምክር ሰምቶ ብቻ ምጣድ አይጥድምና።