የሚርገበገብ ግድግዳ፦ በአሮጌ መልክ የሚሠሩ አስፈሪ ጌሞች

ዜድ ኤክስ 81 የተባለው የእንግሊዝ ኮምፒውተር ድምፅም ቀለምም አልነበረውም። ከፋብሪካ ሲወጣ የሚይዘው 1 ኪሎባይት ብቻ ነበር፤ ከኋላው ማስፋፊያ ሲሰካበት 16 ይደርሳል። ማልኮም ኢቫንስ የተባለ ፕሮግራመር በዚህች አቅም «3ዲ ሞንስተር ሜዝ» የተሰኘውን ጌም ጽፎ በ1982 ለገበያ አበቃው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተጫዋቹ መውጫው በማይታወቅ ጠመዝማዛ መተላለፊያ ውስጥ ይገባል። እዚያው ውስጥ አንድ ዳይኖሰር ይዞራል። የአውሬው ኮቴ አይሰማም፤ እየቀረበ መሆኑን የሚናገረው ስክሪኑ ላይ ብቅ የሚል አጭር ጽሑፍ ብቻ ነው። ተጫዋቹ ከፊቱ ያለውን እንጂ ከጀርባው የሚመጣውን አያይም። አውሬው ሲደርስ የጥቁርና የነጭ አራት ማዕዘኖች ክምር ነው፤ ግን ያስደነግጣል።

ከዚህ ጌም የተነሣሁት ቀዳሚ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ዛሬ ብቻቸውን ወይም ሁለትና ሦስት ሆነው የሚሠሩ ነጻ የጌም ገንቢዎች ሆን ብለው የሚመለሱበት ነገር ሁሉ እዚያ አለ፦ ዓለሙን በባለታሪኩ ዓይን ማየት፣ ሻካራ ምስል፣ ከሚታየው የማይታየው መብዛቱ። ብዙዎች ይህን የአሮጌ መልክ ፍቅር የልጅነት ናፍቆት ነው ብለው ያልፉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ናፍቆት ብቻ ቢሆን ኖሮ የድሮውን ኮንሶል በእጃቸው ነክተው የማያውቁ ወጣቶች በዚህ መልክ ባልተሸበሩ ነበር። ነገሩ ያለው ማሽኑ ማሳየት ባልቻለው ውስጥ ነው።

በ1993 «ዱም» በባለታሪኩ ዓይን የሚታይ ጌምን የዓለም ሁሉ ጨዋታ አደረገው። ጨለማ ክፍሎቹና ከግድግዳ ወዲያ የሚሰማው የአጋንንት ማጓራት ያስፈሩ ነበር፤ ሆኖም ተጫዋቹ ጠመንጃ ስለያዘ ፍርሃቱ ቶሎ ወደ ተኩስ ይለወጣል። ለዚህ ቅኝት ዋናው ነገር የመጣው በቀጣዩ ዓመት ነው።

በዲሴምበር 1994 ጃፓን ውስጥ መሸጥ የጀመረው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን (እኛ ዘንድ ስሙ የሚነሣው ከሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤትና ከኳስ ጌም ጋር ነው) ለዘመኑ ድንቅ ማሽን ነበር፤ ጉድለቱም የራሱ ነበር። ምስሉን የሚሥለው ቺፕ እያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን ምን ያህል እንደሚርቅ አያውቅም። ርቀትን ሳይቆጥር የወለሉን ወይም የግድግዳውን ሥዕል በጠፍጣፋው ይለጥፋል፤ ስለዚህ ጠጋ ብለው ሲያዩት ቀጥ ያለው መስመር ይጎብጣል። የቅርጾቹን ማዕዘኖች የሚያስቀምጠውም በሙሉ ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ ማዕዘኖቹ ከአንዱ ፒክስል ወደ ሌላው ይዘላሉ። ካሜራው በዝግታ ሲዞር በሩ፣ ግድግዳው፣ የሰው ፊት ሳይቀር ይርገበገባል። ምስሉ ብዙውን ጊዜ 320 በ240 ፒክስል ገደማ ነበር፤ በዚያ መጠን ደግሞ በመተላለፊያው ጫፍ የቆመው ነገር ሰው ይሁን ካፖርት መለየት ያዳግታል።

ለእሽቅድምድም ጌም ይህ ሁሉ ጉድለት ነው። ለአስፈሪ ጌም ግን በረከት ሆነ። ኮናሚ በ1999 ያወጣው «ሳይለንት ሂል» ሩቅ ያለውን መሣል ያልቻለውን ማሽን በጉምና በጨለማ ሸፈነው፤ ያ ጉም የጌሙ ነፍስ ሆኖ ቀረ። የባለታሪኩ ሬዲዮ ጭራቅ ሲቀርብ ይንሿሿል፤ ተጫዋቹ ምንም ሳያይ ጆሮው አስቀድሞ ይፈራል። «ሳይለንት ሂል» ባለታሪኩን ከውጭ የሚያሳይ ጌም ነው። ይሁን እንጂ ፍሮምሶፍትዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1998 ባወጣው «ኤኮ ናይት» ተጫዋቹን ባለታሪኩ ዓይን ውስጥ አስገብቶ መናፍስት በሰፈሩበት መርከብ ላይ አሳፍሮታል። መሣሪያ የለውም፤ መንፈስ ሲመጣበት ማድረግ የሚችለው የመብራት ማብሪያውን ፈልጎ ማብራት ነው። ይህ ጌም ብዙ ሲወሳ አለመስማቴ ያሳዝነኛል።

ከዚያ በኋላ ማሽኖቹ በረቱ፣ ምስሉ ጠራ፣ የታላላቅ ኩባንያዎች አስፈሪ ጌሞችም ወደ ተኩስ አዘነበሉ። ፍርሃቱን ያስመለሱት ትናንሾቹ ናቸው። ያኔ በሄልሲንቦሪ፣ ስዊድን ይገኝ የነበረው ፍሪክሽናል ጌምስ በ2010 «አምኔዥያ»ን ሲያወጣ ተጫዋቹን ትጥቅ አስፈታው፤ በጨለማ መደበቅ አእምሮን ያቃውሳል፣ በብርሃን መቆም ደግሞ ለጭራቁ ያጋልጣል። በ2012 ማርክ ሃድሊ በነጻ ያሠራጨው «ስሌንደር» ጫካ፣ የእጅ ባትሪና ስምንት ወረቀት ብቻ ነበር። በ2014 ሂዴዮ ኮጂማ «ፒ.ቲ.» የተባለ ማሳያ አወጣ፤ ተጫዋቹ አንዱን የቤት ኮሪደር ደጋግሞ ይዞረዋል፣ በዞረ ቁጥርም አንድ ነገር ተለውጦ ያገኛል። አሳታሚው ኮናሚ በ2015 ከመሸጫው አነሣው። የሚወዱት ጌም በአንድ ውሳኔ ሲጠፋ ያዩ ገንቢዎች የራሳቸውን ለመሥራት ተነሡ።

መሣሪያው እጃቸው ላይ ነበር። ዩኒቲን የመሰሉ የጌም መሥሪያዎች ያለ ክፍያ ይገኛሉ፤ ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ኢች.አይኦ የተባለው መሸጫ ማንም ሥራውን በፈለገው ዋጋ እንዲያቀርብ በሩን ከፈተ። ለአንድ ሰው ሕያው የሚመስል ፊት መቅረጽ የወራት ሥራ ነው፤ ጥቂት ማዕዘን ያለው ፊት ግን ባጭር ጊዜ ያልቃል። ድህነቱ ምክንያት ነበር፤ ምርጫ የሆነው በኋላ ነው። የዛሬው የግራፊክስ ካርድ የቀድሞውን ስሕተት ራሱ ስለሚያርም፣ ገንቢው ግድግዳውን መልሶ ለማርገብገብ፣ መስመሩን መልሶ ለማጉበጥ ተጨማሪ ኮድ መጻፍ አለበት። ሰው ይህን ያህል የሚደክምለት ጉድለት የሚሰጠው ነገር ቢኖር ነው።

ምን እንደሚሰጥ ኪቲ ሆረርሾው በሚል ስም የምትታወቀው ገንቢ በ2016 «አናቶሚ» በተባለው ጌሟ አሳየች። ተጫዋቹ በአንድ ጨለማ ቤት ውስጥ ካሴት እየለቀመ ወጥ ቤት ባለው ቴፕ ያዳምጣል። በካሴቱ ላይ ያለው ድምፅ የቤትን ክፍሎች ከሰው አካል ጋር እያዛመደ ያስተምራል። ድንገት ጌሙ ራሱን ይዘጋል። መልሰው ሲከፍቱት ቤቱ እንደ ቀድሞው አይደለም። አንድም አሳዳጅ ሳይኖር ደረጃ መውረድ የሚያስጨንቅበት ሥራ ነው፤ ግድግዳው ጥርት ብሎ ቢታይ ኖሮ ያ ጥርጣሬ ባልኖረ ነበር።

2018 የበለጸገ ዓመት ሆነ። «ፓራቶፒክ» ከአንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ሦስት ሰዎችን እያፈራረቀ፣ ታሪኩን ሳያስጠነቅቅ እየቆረጠ ይተርካል፤ ረጅሙ የሌሊት መኪና ጉዞው ምንም ሳይደርስ ያስፈራል። ድምፁ በቀጣዩ ዓመት በኢንዲፔንደንት ጌምስ ፌስቲቫል ተሸለመ። «ሎስት ኢን ቪቮ» ደግሞ በጎርፍ ቦይ የተወሰደ ውሻውን ፍለጋ ወደ ጠባብ የፍሳሽ ቱቦዎች የሚወርድ ሰው ታሪክ ነው። በ2020 «ሆንትድ ፒ.ኤስ.1» በሚል ስም የተሰባሰቡ ገንቢዎች 17 አጫጭር ሥራዎችን እንደ ድሮው የማሳያ ዲስክ ጠርዘው በነጻ ሰጡ። በዚያው ዓመት «ድሬድ ኤክስ ኮሌክሽን» አሥር ገንቢዎችን ሰብስቦ በሰባት ቀን ውስጥ የየራሳቸውን «ፒ.ቲ.» እንዲሠሩ ጠየቀ። የጠፋው ኮሪደር አሥር ሆኖ ተመለሰ።

የዚህን ሁሉ ጫፍ የማየው በዴቪድ ሺማንስኪ «አይረን ላንግ» ነው (2022)። ተጫዋቹ እስረኛ ነው፤ በደም ባሕር ውስጥ በምትጠልቅ የዛገች ሰርጓጅ መርከብ ታሽጓል። መስኮቷ ተደፍኗል። የሚመራው በካርታና በቁጥር ብቻ ነው፤ ውጭ ያለውን ለማየት ቁልፍ ተጭኖ ፎቶ ያነሣል፣ ጥራት የሌለው ጥቁርና ነጭ ምስልም ቀስ እያለ ይወጣለታል። ጌሙ በሙሉ አንዲት ጠባብ ክፍል ነው። ኢቫንስ በ16 ኪሎባይት ተገድዶ ያደረገውን ሺማንስኪ ወዶ አደረገው። ሥራው በዩቲዩብ በሚታወቀው ማርክ ፊሽባክ እጅ ወደ ፊልም ተሸጋግሯል።

መልኩ ሲወደድ መኮረጁም በዛ። የቪዲዮ ካሴት ጭረት የሚመስል ማጣሪያ ደርበው፣ ጭራቅ በድንገት ፊት ላይ እያስጮኹ የሚሸጡ ጌሞች ገበያውን አጥለቅልቀዋል። እነዚህ አሮጌውን መልክ ወስደው መደበቅ የሚገባውን ነገር አልደበቁም። ከጃፓን የሚሠሩት የቺላስ አርት ወንድማማቾች ያንኑ ማጣሪያ ቢጠቀሙም፣ በ2020 ባወጡት «ዘ ኮንቪኒየንስ ስቶር» የሱቅ ሌሊት ፈረቃን ተራ ሥራ በትዕግሥት ያሠራሉ፤ ፍርሃቱ በዕቃ መደርደርና በደንበኛ ማስተናገድ መካከል ይገባል።

በ2024 የወጣው የስዊድኑ ሮንግ ኦርገን «ማውዝዋሺንግ» ከዚህም ርቆ ሄዷል። ቱልፓር የተባለች የዕቃ ማመላለሻ የጠፈር መርከብ ተጋጭታ ቆማለች፤ አምስት ሰዎች አሉባት፣ ጭነቷም የአፍ መጉመጥመጫ ነው። ካፒቴኑ ቆዳው ተገፎ፣ መናገር ተስኖት፣ አንድ ዓይኑ ፈጥጦ በሕይወት አለ፤ የሕመም ማስታገሻውን በእጅ የምታጎርሰው አንተ ተጫዋቹ ነህ። ታሪኩ ከአደጋው በፊትና በኋላ እየተመላለሰ፣ ጥፋቱን በራሱ ላይ ማድረግ ያልቻለን ሰው በዚያው ሰው ዓይን ያሳየናል። በባለታሪኩ ዓይን ማየት ለአርባ ዓመታት የውጭ አውሬ መጠበቂያ ነበር። እዚህ ግን የምንፈራው ዓይኑን የተዋስነውን ሰው ነው፤ ጥቂት ማዕዘን ብቻ ባላቸው ፊቶች ላይም የባልደረቦቹን ሕመም ከእርሱ ቀድመን እናነብባለን።