በጉም ውስጥ የመውረድ ሥርዓት

አይሮፕላን በተፈለሰፈበት ዘመን ነጂው ከፍታውን የሚመዝነው ምድርን በዓይኑ እየተመለከተ ስለ ነበረ፣ ጉም ሜዳውን በሸፈነ ጊዜ ያለው ምርጫ ወይ በረራውን መተው፣ ወይም ነፍሱን ለዕድል አሳልፎ መስጠት ብቻ ነበር። ይህን መከራ ለማራቅ የጉገንሃይም ቤተሰብ በሰጠው ገንዘብ በአሜሪካ ብዙ ምርምር ከተደረገ በኋላ፣ ሌተናንት ጄምስ ዱሊትል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 24 ቀን 1929 በሎንግ አይላንድ በሚቸል ሜዳ፣ መቀመጫው ከላይ ተከድኖ፣ ለጥንቃቄ ሌላ አብራሪ ከፊቱ ተቀምጦ፣ በኮልስማን የከፍታ መለኪያ፣ በስፔሪ መሣሪያዎችና በሬዲዮ ምልክት ብቻ እየተመራ ተነሥቶ፣ ዞሮ፣ በደኅና አረፈ።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ነጂው ያለበትን ከፍታ ቢነግረውም፣ በዚያ ሥፍራ ሊኖረው የሚገባውን ከፍታ አይነግረውም ነበር። ይህን ጉድለት ለመሙላት የተጋው ኤልሪ ጄፕሰን የተባለው የፖስታ አይሮፕላን ነጂ ሲሆን፣ የሜዳዎችን ስፋትና የኮረብቶችን ቁመት በማስታወሻ ደብተር እየመዘገበ ቆይቶ፣ በ1934 ጽሑፉን አሳትሞ በ10 ዶላር ይሸጥ ጀመር። ዛሬ በእያንዳንዱ የማረፊያ ካርታ ግርጌ የሚታየው የቁልቁለት ሥዕል የዚህ ሰው ትጋት ውርስ አለበት።

ከዚያም ሬዲዮ ራሱ ቁልቁለቱን ይሠራ ዘንድ ተቻለ። ከማኮብኮቢያው አጠገብ የሚነሡ ሁለት ሞገዶች፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው፣ ኃይላቸው በሚስተካከልበት መካከል 3 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ የማይታይ ጎዳና ይዘረጋሉ፤ አይሮፕላኑም በዚያ ላይ ሲጓዝ በየባሕር ማይሉ 300 ጫማ ያህል ይወርዳል። በጃንዋሪ 1938 ከዋሺንግተን የመጣ የመንገደኞች አይሮፕላን በበረዶ ውሽንፍር መካከል በዚህ ሥርዓት ተመርቶ ፒትስበርግ ላይ አረፈ።

ይህ መሣሪያ ባልተተከለበት ሜዳ ግን ነጂው እንደ ደረጃ እየተቆራረጠ፣ ከአንዱ ከተወሰነ ከፍታ ወደ ሌላው ይወርድ ነበር። የዚህ አወራረድ አደጋ ከሁሉ ይልቅ የተገለጠው ዲሴምበር 1 ቀን 1974 ነው፤ ወደ ደለስ አይሮፕላን ማረፊያ ያመራ የነበረው የቲ ደብሊው ኤ አየር መንገድ 514ኛ በረራ፣ ከሜዳው 44 ማይል ርቆ ሳለ ለማረፍ እንዲቀርብ በተፈቀደለት ጊዜ፣ አብራሪዎቹ ፈቃዱን ወደ 1,800 ጫማ ለመውረድም እንደ ተሰጠ ቆጥረው፣ ያ ከፍታ ግን ለኋለኛው የአቀራረብ ክፍል እንጂ ለነበሩበት ሥፍራ ያልተጻፈ በመሆኑ፣ አይሮፕላኑ በቨርጂኒያ ማውንት ዌዘር ላይ ተከሰከሰ፤ 92 ነፍሳትም አለፉ። ከዚህ በኋላ አብራሪው በታተመው የአቀራረብ ጎዳና ላይ እስኪገባ ድረስ መጨረሻ የተሰጠውን ከፍታ እንዲጠብቅ ሕጉ በግልጽ ተደነገገ፤ ወደ ምድር መቃረብን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያም በመንገደኞች አይሮፕላኖች ላይ ግዴታ ሆነ። በኋለኛው ዘመን ደግሞ ሊቃውንቱ የደረጃውን አወራረድ እየተዉ፣ የሬዲዮው ጎዳና በሌለበትም ቢሆን አንድ ወጥ ቁልቁለት ጠብቆ መውረድን መከሩ፤ ለ3 ዲግሪ ቁልቁለትም ተማሪው የምድር ፍጥነቱን በኖት ቆጥሮ በ5 ቢያበዛው፣ በየደቂቃው የሚወርደውን ጫማ በግምት ያገኛል፤ 120 ኖት 600 ጫማ ይሆናል።

እንግዲህ ተማሪ ሆይ፣ በካርታው ላይ የተጻፈው ዝቅተኛ ከፍታ ከእርሱ በታች አትውረድ የሚል ወሰን እንጂ አሁኑኑ ውረድ የሚል ትእዛዝ አይደለምና፣ ያለህበትን ክፍል ሳታረጋግጥ ከፍታህን አትልቀቅ፤ ከተጠራጠርህም ጠይቅ።