በዘፈን ውስጥ የተቀመጠ አድራሻ

ሰው ሁሉ የረሳውን ከያኒ አንዳንድ ጊዜ ሥራው ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። የአሜሪካዊው የብሉዝ ዘፋኝና ጊታር ተጫዋች የሚሲሲፒ ጆን ኸርት ታሪክ እንዲህ ያለ ነው።

ኸርት ያደገው በሚሲሲፒ ግዛት፣ አቫሎን በተባለች ትንሽ የገጠር መንደር ነው። ጊታርን በልጅነቱ ያለ አስተማሪ ለመደ። አውራ ጣቱ በወፍራሞቹ ክሮች ላይ ምቱን ሳያቋርጥ ሲጠብቅ፣ ሌሎቹ ጣቶቹ በቀጫጭኖቹ ላይ ዜማውን ያወጣሉ። ድምፁም አይጮኽም፤ አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው የሚያወጋ ይመስላል።

ዊሊ ናርሞር የተባለ ነጭ ቫዮሊን ተጫዋች ጎረቤቱ ለኦኬ ሸክላ ኩባንያ ጠቆመውና፣ እ.ኤ.አ. በ1928 በመጀመሪያ በሜምፊስ፣ ኋላም በኒው ዮርክ ዘፈኖቹን አስቀረጸ። በኒው ዮርክ ከተቀረጹት አንዱ «አቫሎን ብሉዝ» ይባላል። በዚህ ዘፈን መንደሩን በስሟ ጠርቶ የእርሷ ልጅ መሆኑን ተናገረ።

ሸክላዎቹ ግን ብዙም አልተሸጡም። በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ቀውስም የሸክላውን ገበያ አደቀቀው። ኸርት ወደ አቫሎን ተመልሶ የሌላ ሰው መሬት እያረሰ ኖረ።

በ1952 ሃሪ ስሚዝ ባሰባሰበው የአሜሪካ የሕዝብ ሙዚቃ ስብስብ ውስጥ ሁለት ዘፈኖቹ ተካተቱ። አዲሱ ትውልድ ድምፁን ወደደው፤ ሰውየውን ግን በሕይወት አለ ብሎ የጠበቀ ጥቂት ነበር። በ1963 ቶም ሆስኪንስ የተባለ ወጣት በ«አቫሎን ብሉዝ» ውስጥ የሰማውን የመንደር ስም ከአሮጌ ካርታ ላይ አግኝቶ ወደዚያው ተጓዘ። ኸርትንም በሰባ ዓመት ዕድሜው ገደማ፣ ጣቶቹ የጥንቱን ሳይረሱ አገኘው። በዚያው ዓመት በኒውፖርት የሙዚቃ በዓል ላይ ሕዝብ አጨበጨበለት፤ ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ዘፈኖቹን አስቀረጸ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1966 ዐረፈ።

ሠላሳ አምስት ዓመት ዝምታ፣ ሦስት ዓመት ዝና! የኋለኛው ጭብጨባ የፊተኛውን ድካም አይክስም። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝና፣ ባለቤቱ ለዓመታት ያልነካውን ሒሳብ ከባለቤቱ ጋር የሚያገናኘው በወጉ የተመዘገበ ስምና አድራሻ መሆኑን አውቃለሁ። ኸርት አድራሻውን በዘፈኑ ውስጥ ትቶ ነበር። የመንደራቸውን ስም ሳይጠሩ ያለፉ ስንት ድምፆች ይኖሩ ይሆን?

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ብዕር የምታነሣ ከሆነ የመንደርህን ስም ለመጥራት አትፈር። ትንሽ ናት ብለህ የምትዘላት ያቺ ስፍራ፣ አንድ ቀን ወደ አንተ የምታደርስ ብቸኛ መንገድ ልትሆን ትችላለች።