ሽፍታውን ማን ያበላዋል?

በታሪክ ክፍል ያለፍን ብዙዎቻችን «ሽፍታ» የሚለውን ቃል በመመረቂያ ጽሑፋችን ውስጥ እንደዋዛ ጽፈነው አልፈናል። ቃሉ ግን ብዙ ነገር ይሸከማል። መንገድ ላይ ነጋዴ የሚዘርፈው ሽፍታ ነው፤ ርስቱን ተነጥቆ ወይም ደም ሊመልስ ዱር የገባውም ሽፍታ ነው።

ሽፍታ ብቻውን አይኖርም። መጀመሪያ የሚከተሉት ወንድሙ፣ የአጎቱ ልጅና አማቹ ናቸው። ስሙ ሲገን ከጌታው የኮበለለ አሽከርና ግብር ያስመረረው ገበሬ ይጨመራሉ። አለቃው በጀግንነቱ ብቻ ሳይሆን በማካፈሉም ይመዘናል፤ ዘረፋውን ለብቻው ካስቀረ ጭፍራው ይበተንበታል። ቦታም ይመረጣል፦ የመንግሥት ጦር የማይደፍረው፣ ነገር ግን የሲራራ ነጋዴ መንገድ የሚቀርበው ቆላ።

የመተማ መንገድ የሚቀርባት ቋራ ለካሣ ኃይሉ እንዲህ ያለች አገር ነበረች። ዜና መዋዕሉ ካሣ ከዘረፈው ለገበሬው ማካፈሉን ይተርካል። ጉልበቱ ሲበረታ የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት፤ ሽፍታን በጋብቻ መያዝ የቆየ ዘዴ ነውና። አልያዘውም። በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን ድል ነሣ፤ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ነገሠ። አፄ ቴዎድሮስ ከተባሉ በኋላ ደግሞ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ እንዲመለስ አወጁ!

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ዶናልድ ክራሚ ይህን መሰሉን ሽፍትነት የመኳንንት የሥልጣን ፉክክር እንጂ የድሃ አመፅ አድርገው አላዩትም። ልክ ይመስለኛል። በላይ ዘለቀም ሽፍታ ነበር፤ ጣሊያን ሲመጣ አርበኛ ሆነ፤ በ1937 ዓ.ም. ተሰቀለ። ስም የሚያወጣው ባለጊዜ ነው።

በዚህ ሁሉ መሃል ገበሬው የት አለ? ማታ ሽፍታው «አብላኝ» ይለዋል፤ ጠዋት ወታደሩ «ሽፍታ አብልተሃል» ብሎ ከብቱን ይነዳበታል። በአውጫጭኝ ደግሞ አገሩ በሙሉ ተሰብስቦ ወንጀለኛውን እስኪያወጣ ድረስ ሥራ ፈትቶ ይታገታል። ቢናገር ሽፍታው ይገድለዋል፤ ዝም ቢል ሹሙ ይቀጣዋል።

የሹሙ ደብዳቤ በመዝገብ ቤት አለ። የአሸናፊው ታሪክም ተጽፏል። ያበላው ገበሬ ቃል ግን ካልተጠየቀ አይገኝም። አሁን በማስተማር ላይ ያላችሁ ባልደረቦቻችን፣ ተማሪዎቻችሁን መዝገብ ቤት ስትልኩ ወደ ሽማግሌዎቹና ወደ ባልቴቶቹም ላኳቸው። ባልቴቶቹን አደራ፤ እንጀራውን የጋገሩት እነሱ ናቸው።