ስም አይቀበርም ያለው ማነው?

«ሞት አይቀርም፤ ስም አይቀበርም» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱን ለቅሶ ቤት ሰምተነዋል፤ ዘማች ሲሸኝ ሰምተነዋል፤ ተማሪ ሳለን የድርሰታችን ማሳረጊያ አድርገነዋል። ሰሞኑን ግን እርስ በርስ አከራከረን። አንዳችን «እውነት ነው፤ ቴዎድሮስ ከሞተ ስንት ዘመኑ ነው? ስሙ ግን ይኸው አለ» ሲል፣ ሌላዋ «የቴዎድሮስማ አለ። በቴዎድሮስ ዘመን የሞቱት የሌሎቹስ?» ብላ ዝም አሰኘችን።

ጥያቄዋን ይዘን ታሪክ ስናገላብጥ መቀሌ ላይ አረፍን። ስለ ሞት ያለንን አመለካከት ሁሉ፣ የምናከብረውንም የምንዘነጋውንም፣ አንድ ላይ የያዘች ከተማ ብትኖር መቀሌ ናት ብለን እናምናለን።

ከቤተ መንግሥቱ እንጀምር። አፄ ዮሐንስ 4ኛ መቀሌን መናገሻቸው አድርገው በ1870ዎቹ ቤተ መንግሥት አሠሩባት፤ ግንባታውን ጣሊያናዊው ጃኮሞ ናሬቲ መራው። ንጉሡ ግን የሞቱት እዚያ አይደለም። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠሉ። በሌላ በኩል ጣሊያን ከምጽዋ ወደ መሀል አገር እየገፋ ነበር። ንጉሡ በመጨረሻ ፊታቸውን ወደ መተማ አዞሩ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ሠራዊታቸው ለድል በተቃረበበት ሰዓት በጥይት ተመትተው ወደቁ። አስከሬናቸው በጠላት እጅ ገባ፤ ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። መቀሌ ላይ ቤተ መንግሥት የሠራ ንጉሥ መቀሌ ላይ መቃብር የለውም።

አሁን ከዚያ 21 ዓመት ወደ ኋላ እንሂድ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ አፋፍ ላይ ለእንግሊዝ ጦር እጄን አልሰጥም ብለው ሽጉጣቸውን ጠጡ። ልብ በሉ፤ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ራሱን ለገደለ ሰው ፍትሐት አይደረግም። በዚህ ሚዛን ከሁለቱ ነገሥታት ከፍ ያለው ሞት የዮሐንስ ነው፤ ለሃይማኖቱና ለአገሩ ድንበር ሲዋጋ የወደቀ ሰው ሰማዕት ይባላልና። ደራሲዎቻችን ግን የመረጡት ሌላውን ነው። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «ቴዎድሮስ» የተሰኘ ተውኔት ጻፈ። ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን ጻፉ። ሥነ ምግባር የከለከለውን ሞት ሥነ ጽሑፍ አነገሠው።

ለምን? እኛ እንደሚመስለን፣ የሥነ ምግባር ሰው አንድ ሞት ሲያይ «ለምን ሞተ?» ብሎ ይጠይቃል። የድርሰት ሰው ደግሞ «እንዴት ሞተ?» ይላል። የመቅደላው ሞት ለመድረክ የተፈጠረ ይመስላል፤ አንድ ሰው፣ አንድ አፋፍ፣ አንድ ሽጉጥ። የመተማው ግን በብዙ ሺህ ሰው መሀል፣ በአቧራና በጭስ ውስጥ የሆነ ነው።

ሁለቱም ጥያቄዎች ግን አንድ ጉድለት ይጋራሉ። የሚጠይቁት ሞቱን ስለመረጠ ሰው ነው። ሳይመርጥ ስለሞተውስ? ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥሉና ሲዘርፉ የሞተው ጎንደሬ ስሙ ማነው? ዮሐንስ ወደ መተማ ከመዝመታቸው በፊት፣ በዚያው በ1881 ዓ.ም.፣ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተቆጥተው ጎጃምን በሠራዊት ሲያስፈጁ የሞተው ገበሬ ስሙ ማነው? የጀግኖቻችን ታሪክ ገጽ ላይ እነዚህ ሰዎች ቢበዛ አንድ ዓረፍተ ነገር ናቸው።

ወደ መቀሌ እንመለስ። በመስከረም 1936 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የቀዳማይ ወያነን አመፅ ለማፈን ከኤደን የተነሡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጥያቄ መቀሌን በቦምብ ደበደቡ። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ረቡዕ፣ በገበያ ቀን፣ የደርግ አውሮፕላኖች ከመቀሌ በስተሰሜን ያለችውን ሐውዜንን ደበደቡ። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. የኤርትራ አውሮፕላኖች እዚያው መቀሌ ውስጥ ዓይደር ትምህርት ቤትንና አካባቢውን መቱ። ሰኔ 15 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ሐውዜን በተመታች በ33 ዓመቷ፣ በዚያው ዕለት፣ ከመቀሌ በስተምዕራብ በምትገኘው በቶጎጋ ገበያ ላይ የአየር ጥቃት ደረሰ። መንግሥት የተመቱት ታጣቂዎች ናቸው አለ፤ ወደ መቀሌ ሆስፒታል ከደረሱት ቁስለኞች መካከል ግን ሕፃናት ነበሩ።

አራት ጥቃት፣ አራት የተለያየ አብራሪ። ሟቹ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ ጨው ሊገዛ፣ ፍየል ሊሸጥ ወይም ፊደል ሊማር የወጣ። በሐውዜን 2,500 ሰው አለቀ ሲባል ኖሯል። ይህ ክብ ቁጥር ነው። 2,500 ብላ ልጇን ክርስትና ያስነሳች እናት የለችም።

መቀሌ ላይ ከሩቅ የሚታየው የሰማዕታት ሐውልት ከ50 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ከደርግ ጋር በተደረገው የ17 ዓመት ጦርነት ለወደቁት የቆመ ነው። ቁመቱን አንነቅፍም። የምንለው ሌላ ነው፤ ሐውልት በባሕርዩ ብዙውን ሞት አንድ ያደርገዋል። ያቺ ገበያ ወጥታ የቀረች ሴት ደግሞ የምትፈልገው ለብቻዋ መጠራትን ነው።

የሚገርመው፣ ይህን አሳምሮ የሚያውቅ ባህል አለን። ቄሱ ፍትሐት ሲያደርስ ሟቹን የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው። ደጃዝማች ሆነ እረኛ፣ እዚያ ቦታ ላይ ሹመት የለም። አልቃሽም እንደዚሁ ናት። ሙሾ የምታወርደው ስለ «ሕዝብ» አይደለም፤ ስለዚያ ሰውዬ አካሄድ፣ ስለ ደጃፉ፣ ትቷት ስለሄደ በሬው ነው። በትግርኛም መልቀስ የሚባል የለቅሶ ግጥም አለ። ትንሹ ሰው ሳይቀር በስሙ የሚጠራበትን ሥነ ጽሑፍ በቃል ይዘነው ኖረናል፤ ወደ መጽሐፋችን ያሻገርነው ግን ጥቂቱን ነው።

ተሻግሮ ያየነው ጊዜ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህ ንጉሥ አይደለም፤ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ የድሃ ገበሬ ልጅ ነው። መላው አገር ለበዛብህ ያለቀሰው ስሙን፣ እናትና አባቱን፣ ስለቱን ስላወቀ ነው። ያልነበረ ሰው ሞት እንዲህ ካስለቀሰን፣ የነበሩት ሰዎች ሞት የማያስለቅሰን ስማቸውን ስለማናውቅ ብቻ ነው እንላለን።

ለዚህ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈርሞ ተኩስ ቆመ። በትግራይ ግን ብዙ እናቶች ልጃቸው ይኑር ይሙት ሳያውቁ አንድ ዓመት ያህል ከረሙ። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር የሦስት ቀን ሐዘን አወጀ፤ መርዶውም ለየቤተሰቡ ተነገረ። በዚያ ሰሞን መቀሌ ለቅሶ ያልገባበት ሰፈር አልነበራትም። መርዶ ክፉ ነው። በወጉ ጎረቤትና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ በር አንኳኩቶ፣ እየተጨነቀ ይናገረዋል። ያልተረዳ ሰው ግን ከዚያ የከፋ ነው፤ ማልቀስም ተስፋ ማድረግም አይችልም፣ ተዝካር አያወጣም፣ ጥቁር አይለብስም።

መርዶው ደግሞ የታጋዮች ነበር። በየቤቱና በየመንገዱ የሞተው ሲቪል ግን ዛሬም ተቆጥሮ አላለቀም፤ የሟቾቹ ግምት በመቶ ሺዎች ይራራቃል። በአማራና በአፋር ያለቀው ሰው፣ ከየክልሉ ዘምቶ የቀረው ወታደርም እናት አለው። የእነዚህ ሁሉ ስም አንድ ላይ የተጻፈበት መዝገብ አላየንም። «የእነሱ» እና «የእኛ» እያልን ስንቆጥር የሞተው ሰው ራሱ ይጠፋናል።

እንግዲህ ወደ ጓደኛችን ጥያቄ እንመለስ። ተረቱ ውሸት ነው አንልም። ግን ስም በራሱ ጊዜ ከመቃብር በላይ አይቆምም፤ የሚጠራው ሰው ይፈልጋል። የቴዎድሮስን ስም ደራሲ ጠራው። የዮሐንስን ቤተ መንግሥታቸው ይጠራዋል። የዓይደሯን ተማሪ ማን ይጥራት?

እኛ ይህን ተስማምተናል። እያንዳንዳችን በቤተሰባችን ወይም በሰፈራችን በጦርነት የቀረ አንድ ሰው ስም እንጠይቃለን፤ የት እንደነበር፣ በምን ይታወቅ እንደነበር፣ በዚያ ቀን ምን ሊያደርግ እንደወጣ። ከዚያ እንጽፈዋለን። አያቶቻችን ሳሉ ብትጠይቁ ጥሩ ነው፤ ብዙውን ስም የያዙት እነሱ ናቸው። እናንተ ቤት የማን ስም አለ?